ስፖርትና አንጎል፦ የተማሪ የሳይንስ ፕሮጀክት ከጥያቄው እስከ ማሳያ ሰሌዳው

በተማሪዎች የሳይንስ ዐውደ ርእይ ላይ «ስፖርት ለአእምሮ ጠቃሚ ነው» የሚል ሰሌዳ አይጠፋም። ከርዕሱ ሥር ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች፣ ከኢንተርኔት የተወሰደ የአንጎል ሥዕልና አንድ ባር ግራፍ ይደረደራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከርዕሱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መልስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ተማሪ የሚስማማውን ማስረጃ ይለቅማል እንጂ አይመረምርም። ይህ መመሪያ በማስመሪያ፣ በወረቀት፣ በባለ ቀለም እርሳስና በስልክ ሰዓት ብቻ የሚሠራ፣ ሰባት ሳምንት ገደማ የሚወስድ ሙከራ እንዴት እንደሚታቀድ ያሳያል። ከሰባቱ ሳምንታት ልኬት የሚካሄድባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው በማሰብ፣ ፈቃድ በመጠየቅና ቁጥር በማገላበጥ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚሁ ነው።

በቅድሚያ የተገኘውን ማወቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሁለት ይከፈላሉ። ሁለቱን መቀላቀል የተማሪዎች የተለመደ ስህተት ስለሆነ ለይታችሁ ያዙ።

የመጀመሪያዎቹ ለሳምንታትና ለወራት የዘለቀ ልምምድ የሚያመጣውን ለውጥ ያጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ የሳልክ ተቋም እነ ፍሬድ ጌጅ እንዳሳዩት፣ በሽክርክሪት ላይ የሚሮጡ አይጦች ከማይሮጡት ይልቅ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ብዙ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ያፈራሉ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር ለማስታወስ ከሚያስፈልጉን ክፍሎች ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ 120 በዕድሜ የገፉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን በእግር ይጓዙ ነበር፤ የቀሩት ሰውነት የማፍታታት እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የአንጎልን ምስል በሚያነሳው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ፣ ሲታይ የተጓዦቹ ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ የሌሎቹ ግን ቀንሶ ነበር።

ሁለተኛዎቹ የሚጠይቁት አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቅሶ ወዲያው የሚፈተን ሰው ትኩረቱ ይሻሻል እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ትንሽ ነው። እንደ እንቅስቃሴው ጥንካሬ፣ እንደ ፈተናው ዓይነትና ፈተናው እንደተሰጠበት ሰዓትም ይለያያል።

ለተማሪ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ኤምአርአይ የላችሁም፤ ቢዲኤንኤፍ የተባለውን ለነርቭ ሕዋሳት ዕድገት የሚያግዝ ፕሮቲን ለመለካት ደም መቅዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ የእናንተ ሥራ አይደለም። እናንተ የምትለኩት ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ምን ያህል ፈጥኖ መለሰ፣ ምን ያህል ተሳሳተ። ስለዚህ በሰሌዳችሁ መግቢያ ላይ ስለ ሂፖካምፐስ መጻፍ ትችላላችሁ፤ በመደምደሚያው ላይ ግን «የተሳታፊዎቻችን ሂፖካምፐስ ነቃ» ብትሉ ያላያችሁትን መሰከራችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ማጥበብ

ጥሩ ጥያቄ አራት ነገሮችን ይናገራል፦ ማን፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ በምን ተለክቶ። ለምሳሌ፦ «ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች 20 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ ከተጓዙ በኋላ፣ 20 ደቂቃ ተቀምጠው ካነበቡበት ቀን ጋር ሲነጻጸር፣ በቀለምና ቃል ፈተና ላይ የሚያሳዩት መዘግየት ይቀንሳል?» (ፈተናው ምን እንደሆነ በደረጃ 2 ታገኙታላችሁ።)

ረጅም ነው፤ ለሰሌዳ ርዕስም አያምርም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል የምትሠሩትን ይወስናል። የሚያምረውን ርዕስ በኋላ ታገኛላችሁ።

ከዚያ መላምታችሁን በቀን አስፍራችሁ በፕሮጀክት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። «ይቀንሳል ብለን እንገምታለን፤ ምክንያቱም…» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድም ልኬት ከመወሰዱ በፊት መጻፍ አለበት። ውጤቱን አይቶ መላምት መጻፍ ማጭበርበር ነው። ማንም ባያያችሁም ቀኑ ይመሰክራል።

ደረጃ 2፦ መለኪያውን መምረጥ

ሦስት ርካሽ መለኪያዎች አሉ። አንዱን ዋና አድርጉ። አምስት ፈተና ሰጥቶ ከአምስቱ አንዱ ላይ የታየውን ለውጥ ማጉላት በአጋጣሚ የመጣን ነገር ግኝት ብሎ መጥራት ነው።

የመጀመሪያው የማስመሪያ ፈተና ነው። ረዳቱ የ30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ ከላይ ይይዛል። ተሳታፊው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከዜሮው መስመር ግራና ቀኝ ከፍቶ ይጠብቃል፤ ማስመሪያው ሲለቀቅ ይይዘዋል። በስበት ሕግ መሠረት ማስመሪያው ከወደቀበት ርቀት ተነስቶ ጊዜውን ማስላት ይቻላል፦ ርቀቱን በሜትር ወስዳችሁ በ2 አባዙ፣ ለ9.8 አካፍሉ፣ ከዚያም ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 10 ሴንቲሜትር ወደ 143 ሚሊሰከንድ፣ 15 ሴንቲሜትር ወደ 175፣ 20 ሴንቲሜትር ወደ 202፣ 25 ሴንቲሜትር ወደ 226 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በ20 ሴንቲሜትር አካባቢ የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት አምስት ሚሊሰከንድ ያህል መሆኑን ልብ በሉ። ጣቶቹ በአንዱ ቀን ትንሽ ሰፋ ብለው ቢከፈቱ ወይም አንባቢው የአውራ ጣቱን የላይኛውን ጫፍ ትቶ የታችኛውን ቢያነብ፣ የምትፈልጉት ለውጥ በዚያ ይዋጣል። ስለዚህ በጣቶቹ መሃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስፋት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ላጲስ፣ አስገብታችሁ ካስለካችሁ በኋላ አውጡት። ማስመሪያው የሚለቀቅበትን ጊዜ ተሳታፊው እንዳይገምት በሁለትና በስድስት ሰከንድ መካከል እየለዋወጣችሁ ልቀቁ። በአንድ ጊዜ አሥር ሙከራ ወስዳችሁ ከአማካዩ ይልቅ መካከለኛውን ቁጥር፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ ተጠቀሙ፤ አንድ ያመለጠ ማስመሪያ አማካዩን ያዛባል፣ መካከለኛውን ግን አይነካም።

የዚህ ፈተና ድካም ሌላ ነው። ከእንቅስቃሴ በኋላ ጡንቻ ይሞቃል፤ የሞቀ ጡንቻ ፈጥኖ ይኮማተራል። ሰውየው ማስመሪያውን ቶሎ ቢይዘው አንጎሉ ፈጠነ ወይስ እጁ? ማስመሪያው አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ቁጥሮችን እያዳመጡ መድገም ነው፤ ከአራት አሃዝ ተጀምሮ እያደገ ይሄዳል። ቀላል ነው፤ ግን የብዙ ሰው ውጤት በስድስትና በስምንት መካከል ስለሚታጨቅ ትንሽ ለውጥ አያሳይም። ለዚህ ፕሮጀክት አልመርጠውም።

የምመርጠው ሦስተኛውን፣ በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጆን ሪድሊ ስትሩፕ ስም የሚጠራውን የቀለምና ቃል ፈተና ነው። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሲቀርብላችሁ ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ጥሩ ብትባሉ አንደበታችሁ ይያዛል። ማንበብ ሳይጠሩት የሚመጣ ልማድ ስለሆነ እሱን መግታት ትኩረት ይጠይቃል። ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የ100 ባለ ቀለም ምልክቶችን ቀለም ለመጥራት በአማካይ 63 ሰከንድ ሲፈጅባቸው፣ የ100 እርስ በርስ የሚጋጩ ቃላትን ቀለም ለመጥራት 110 ሰከንድ ፈጅቶባቸዋል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ወረቀት ትሠራላችሁ። «የቀለም ወረቀት» ላይ 40 ባለ ቀለም ሳጥኖች ብቻ ይኖራሉ። «የግጭት ወረቀት» ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚሉት አራት ቃላት እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜ፣ ሁልጊዜም በሌላ ቀለም ይጻፋሉ። አራቱ ቀለሞችም እኩል አሥር አሥር ጊዜ ይውጡ፤ አንድ ቀለም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አይምጣ። ቢጫ በነጭ ወረቀት ላይ ስለሚደበዝዝ ደመቅ ያለውን ምረጡ። ቃላቱ ተሳታፊው ሳይደናቀፍ በሚያነበው ቋንቋ ይሁኑ፤ ቀስ ብሎ በሚያነበው ቋንቋ ከተጻፉ ግጭቱ ይላላል። አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ስለሚቸግራቸው ከሙከራው በፊት ቀለሞቹን አሳይታችሁ አረጋግጡ።

ውጤቱ፣ ማለትም መዘግየቱ፣ በግጭት ወረቀቱ ላይ ከጠፋው ጊዜ በቀለም ወረቀቱ ላይ የጠፋው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ይህ ቅነሳ የማስመሪያውን ችግር በአብዛኛው ይፈታል። ሰውየው ከጉዞው በኋላ በጥቅሉ ፈጣን ተናጋሪ ሆኖ ከሆነ ሁለቱም ወረቀቶች ይፈጥናሉ፤ ልዩነቱ ብዙም አይቀየርም። ልዩነቱ ራሱ ከጠበበ ግን ግጭቱን የመግታት ችሎታው ተሻሽሏል ለማለት መነሻ ታገኛላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሰዓት ቁልፍ የሚጫነው በሁሉም ቀን ያው አንድ ሰው ይሁን። የስልክ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነም ስልኩን አትለዋውጡ። በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ብቻውን እስከ 17 ሚሊሰከንድ ያህል ሊያዘገይ ይችላል።

ደረጃ 3፦ እንቅስቃሴውን መመጠን

«በፍጥነት ተራመዱ» መመጠኛ አይሆንም፤ ለአንዱ ሽርሽር የሆነው ለሌላው ልፋት ነው። መመጠኛው የልብ ምት ነው። የተለመደው ግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው፤ የ15 ዓመት ተማሪ ከፍተኛ የልብ ምት በደቂቃ 205 አካባቢ ይሆናል። መካከለኛ ጥንካሬ የሚባለው የዚህ ቁጥር ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ ለዚህ ተማሪ በደቂቃ ከ131 እስከ 156 ምት ማለት ነው። ቀመሩ ለአንድ ሰው ሲሆን በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ሊስት ስለሚችል የንግግር መፈተኛውንም አክሉ፦ እየተጓዘ ማውራት የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው መካከለኛው ላይ ነው።

ምቱን በእጅ አንጓ ወይም በአንገት ጎን በሁለት ጣት ይዛችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ የደም ሥር ምት ያሳስታችኋል። ሰውየው እንደቆመ ምቱ በፍጥነት ስለሚወርድ ወዲያውኑ መቁጠር ያስፈልጋል። በ10ኛውና በ20ኛው ደቂቃ መለካት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ንጽጽሩን መገንባት

የፕሮጀክቱ ልብ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ብዙ ተማሪ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ፈተና ይሰጣል፣ ያስሮጣል፣ ፈተናውን ይደግማል፣ ሰውየው ሲሻሻል «ስፖርት ሠራ» ይላል። ነገር ግን የቀለምና ቃል ፈተናን ሁለተኛ ጊዜ የሚወስድ ሰው ሳይሮጥም ይሻሻላል፤ ለመደው። ሩጫውና ልምዱ አንድ ላይ ስለመጡ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ማነጻጸርና ቅደም ተከተሉን ማፈራረቅ ነው። ግማሹ ተሳታፊ በመጀመሪያው ቀን ይጓዛል፣ በሁለተኛው ቀን ይቀመጣል፤ ሌላው ግማሽ በተቃራኒው። ያኔ ልምዱ ለጉዞውም ለመቀመጡም እኩል ያደላል። የግጭት ወረቀቱም ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ «ሀ» እና «ለ» በሏቸው፤ እነሱም ይፈራረቁ። ጉዞ ቀድሞ ከ«ሀ» ጋር፣ ጉዞ ቀድሞ ከ«ለ» ጋር፣ መቀመጥ ቀድሞ ከ«ሀ» ጋር፣ መቀመጥ ቀድሞ ከ«ለ» ጋር፤ አራት ቡድን ይወጣል። 16 ተሳታፊ ካገኛችሁ በየቡድኑ አራት አራት ሰው በዕጣ ትመድባላችሁ። በዕጣ ማለት በእውነት በዕጣ ነው፤ ጓደኞቻችሁን ወደምትፈልጉት ቡድን እንዳታዘነብሉ።

ከዋናው ፈተና በፊት ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ የማይቆጠር መለማመጃ ይውሰድ፤ ትልቁ የልምድ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ነውና።

ሁለቱ ቀናት በተቻለ መጠን ይመሳሰሉ። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከምሳ በፊት የተፈተነ በሌላው ቀንም ከምሳ በፊት ይፈተን። ቡናና ሻይ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት እንዳይጠጣ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ያለፈውን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛም ጠይቃችሁ መዝግቡ። የሚቀመጠው ሰው ስልክ እየነካካ አይቀመጥ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ስሜት የማይቀሰቅስ ጽሑፍ ስጡ።

የቀረው የግምት ጉዳይ ነው። ተሳታፊው «ዛሬ ስለተጓዝኩ ልበረታ ነው» ካለ ሊበረታ ይችላል፤ ስለዚህ መላምታችሁን አትንገሩት፤ «ሁለት ዓይነት ቀናት እያነጻጸርን ነው» ይበቃል፤ ዝርዝሩን ሲያበቃ ታስረዱታላችሁ። ፈታኙም የጠበቀውን ያያል፤ ሰዓቱን ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ለማቆም ክፋት አያስፈልገውም። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ያስጉዝ፣ ሌላው በሌላ ክፍል ይፈትን፤ ፈታኙ ሰውየው ከየት እንደመጣ አይጠይቅ። ላብ ሚስጥሩን እንዳያወጣ በሁለቱም ቀናት፣ የተቀመጠውም የተጓዘውም፣ ፊቱን ታጥቦ ለአሥር ደቂቃ አርፎ ይግባ። ዕረፍቱ ትንፋሽንም ይመልሳል፤ የሚያለከልክ ሰው ቀለም ለመጥራት ቢዘገይ ስለ ትኩረቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ ፈቃድና ደኅንነት

በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ፣ የተማሪም ቢሆን፣ አስቀድሞ ይጸድቃል። ሬጄነሮን አይሴፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስና የምህንድስና ውድድር ያያችሁ እንደሆነ፣ ሰውን የሚያሳትፍ ሙከራ ልኬት ከመጀመሩ በፊት በገምጋሚ ኮሚቴ መታየት ግዴታው ነው። ውድድር ባትገቡም ዕቅዱን ለአማካሪ መምህራችሁ አሳይታችሁ አስፈርሙ። ተሳታፊዎቹ ለአካለ መጠን ካልደረሱ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማም ያስፈልጋል። የፈቃድ ቅጹ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ምን እንደሚሠሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት፣ በማንኛውም ሰዓት ምክንያት ሳይሰጡ ማቋረጥ እንደሚችሉ።

የልብ ሕመም፣ አስም፣ ራስን የመሳት ታሪክ ወይም ጉዳት ያለበት ሰው አይሳተፍ። ውሃ አቅርቡ፤ በጠራራ ፀሐይ አታስጉዙ፤ ማዞር ወይም የደረት ሕመም የተሰማው ወዲያው ያቁም፤ አንድ አዋቂ በአቅራቢያው ይኑር። ስም አትመዝግቡ፤ ከ01 እስከ 16 ኮድ ስጡ። የስምና የኮድ ዝርዝሩ ከመምህሩ ዘንድ ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ቅድመ ሙከራ

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዋናው ሙከራ በማይካተቱ ሁለት ሦስት ሰዎች ላይ ሙሉውን ሂደት ሞክሩት። የሚገኙት እንከኖች ትንንሽ ናቸው፦ መመሪያው ግራ ያጋባል፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ጋር ይመሳሰላል፣ የእጅ መታጠቢያው ሩቅ ነው። ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚደረግም የሚታወቀው እዚህ ነው። የምመክረው «ከተሳሳትክ አርመህ ቀጥል» የሚል አንድ ሕግ ነው፤ ስህተቱ ያኔ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይታረም ያለፈውን ደግሞ ለብቻው ትቆጥራላችሁ። መመሪያውን ቃል በቃል ጽፋችሁ ለሁሉም ከወረቀት አንብቡ።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ በቂ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ኮድ 07 በጉዞው ቀን የቀለም ወረቀቱን በ28.4፣ የግጭት ወረቀቱን በ43.1 ሰከንድ ጨረሰ እንበል፤ መዘግየቱ 14.7 ነው። በመቀመጡ ቀን 29.0 እና 46.2 ከሆነ መዘግየቱ 17.2 ይሆናል። የዚህ ሰው ልዩነት 2.5 ሰከንድ ለጉዞው ያደላል። የ16ቱንም እንዲሁ አውጥታችሁ መካከለኛውን ልዩነት ጻፉ።

ቀጥሎ ስንቱ ወደ ጉዞው እንዳደላ ቁጠሩ። ጉዞው ምንም ባይሠራ ኖሮ እያንዳንዱ ሰው ወደ አንዱ ጎን የሚያደላው እንደ ሳንቲም መገልበጥ በአጋጣሚ ነበር። ሳንቲም 16 ጊዜ ሲገለበጥ 13 ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ጎን (በየትኛውም ጎን) የመውደቁ ዕድል ከመቶ 2 ያህል ነው፤ 12 ወይም ከዚያ በላይ የመውደቁ ግን ከመቶ 8 ያህል ነው። ስለዚህ 13 ሰው ከተሻሻለ አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል፤ 12 ከሆነ አፋችሁን ሞልታችሁ አትናገሩ። ይህ የምልክት ፈተና የሚባለው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሙሉ በሙሉ ተረድቶ ሊያስረዳው ይችላል። ኮምፒውተር ያወጣውን የማይገባችሁን ቁጥር ከመለጠፍ ይህን እመርጣለሁ።

የትኛው መረጃ እንደሚጣል አስቀድማችሁ ወስኑ። መሃል ላይ የተቋረጠ ፈተና ይጣላል፤ «ቁጥሩ ስላላማረን» ግን ምክንያት አይደለም።

ለውጥ ካልታየስ? እንዳለ አቅርቡት። በ16 ሰው ትንሽ ለውጥ ሊደበቅ ስለሚችል «ስፖርት አይሠራም» አትበሉ፤ «በዚህ መጠን፣ በዚህ ፈተና፣ በእነዚህ ተሳታፊዎች ላይ ለውጥ አላየንም» በሉ።

ደረጃ 8፦ ሰሌዳውና ዳኞቹ

ባር ግራፉን ተዉት። በግራ የመቀመጡ ቀን፣ በቀኝ የጉዞው ቀን ይሁን፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ነጥብ ይኑረው፤ ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ። አሥራ ስድስቱ መስመሮች ወደ ታች ሲወርዱ ወይም ሲተላለፉ ተመልካቹ ውጤቱን ከነብጥብጡ በአንድ እይታ ያየዋል። ሁለት ባሮች ግን ማን እንደተሻሻለ፣ ማን እንደባሰበት ይደብቃሉ።

የቀለምና የግጭት ወረቀቶቹን አንድ አንድ ቅጂ ሰሌዳው ላይ ስቀሉ። የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሞክራል፤ ሲደናቀፍ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ይሰማል።

ዳኛ ከሚጠይቃቸው መካከል እነዚህ አይቀሩም፦ ለምን ሁሉም በአንድ ቀን አልተፈተኑም? ለምን ቅደም ተከተሉ ተፈራረቀ? ፈታኙ ምን ያውቅ ነበር? መልሱን በቃል ከመሸምደድ በደረጃ 4 ላይ የተጻፈውን በራሳችሁ አነጋገር ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ አስረዱ። ከገባቸው ለዳኛም ይገባዋል። የፕሮጀክት ደብተሩንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን፣ ላብ የነካውን፣ የመጀመሪያውን ደብተር እንጂ ለማሳመር በንጹሕ የተገለበጠውን አይደለም።